አባትህ ፊልምህን አዩት

ካናውጅ፣ ማክሰኞ ጁን 9 ቀን 1987

የማሕፀኔ ፍሬ ናሊን፣

እንደምን አለህልኝ? ሆዴን አሞኛል ብለህ ጽፈህ ነበር፤ ተሻለህ? ቦምቤይ ዝናቡ ሊገባ ነው ይባላል፤ ጃንጥላህን የትም እየጣልክ አትምጣ። የመንገድ ጥብስም አታብዛ። እኛ እዚህ በሙቀቱ እየተቀቀልን ነው፤ ማንጎው ግን ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ በቅመም ዘፍዝፌ አቻሩን ሠርቼ ሰው ባገኝ እልክልሃለሁ። ይኸው የእናት ወጌን ጨረስኩ። አሁን ልቆጣህ ነውና ቁጭ ብለህ አንብበው።

አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ሌላ አባት ጠፍቶ ነው የራስህን ወስደህ ፊልም ላይ ያወጣኸው?

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ፊልምህ ዓርብ ዕለት እኛ ከተማ ገባ። ማስታወቂያው ጣፋጭ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አባትህ ከወርቅ ሠሪው አጉሊ መነጽር ተውሰው፣ በዚያ ጠራራ ፀሐይ ቆመው ስምህን ሲፈልጉ ቆዩና ታች ጥግ ላይ ጉንዳን በምታክል ፊደል አገኙት። ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላቸው! "ድርሰት የሥራ ፈት ሥራ ነው" እያሉ ሲያሳቅቁህ የኖሩት ሰውዬ፣ መንገደኛውን ሁሉ እጁን እየጎተቱ "አየኸው? ይሄ የኔ ልጅ ነው!" ይሉ ጀመር። ለእሁድ ለዘጠኝ ሰዓቱ የሲኒማ ቤቱን ፎቅ በሙሉ ያዙና ታላቅ ወንድማቸውን ከነልጆቻቸው፣ ጎረቤቱን፣ ፀጉር አስተካካዩን ቼዲን ሳይቀር ጠሩ።

እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽህም። ዓርብ ወደ ማታ ግን የጎረቤታችን ምራት ኡርሚላ በጣራው ተሻግራ ሮጣ መጣች። የመጀመሪያውን አይታ መመለሷ ነው። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

"እትዬ፣ በሞቴ፣ እሁድ ጋሼን እንዳይወስዷቸው!"

"ለምን? መጥፎ ነገር አለው እንዴ?"

"ኧረ የለውም። ግን ፊልሙ የእናንተ ነው። ሽማግሌው ቁርጥ ጋሼ! አረማመዳቸው፣ 'ወግ ወግ ነው' ማለታቸው፣ ሲናደዱ ሻርፓቸውን የሚያራግፉት ነገር... ውሃውም አለበት።"

"የምን ውሃ?"

"የማልቲ ውሃ ነዋ፣ እትዬ።"

ለማድረቅ ባሰጣሁት በርበሬ ላይ ዝርፍጥ ብዬ ቁጭ አልኩልህ።

ናሊን፣ ያን ቀን አንተም አልነበርክ፣ እኔም አልነበርኩ። እኔ ታይፎይድ ይዞኝ አልጋ ላይ ነበርኩ። እህትህ ማልቲ የመጀመሪያ ልጇ በተወለደ በሳምንቱ ሞተባት፤ አባትህ እንዲህ እንደ አሁኑ በጄት ወር ሙቀት ብቻቸውን በአውቶቡስ የተዳረችበት ኢታዋ ድረስ ሊያጽናኗት ሄዱ። ከንፈራቸው ደርቆ ሲደርሱ ልጅቷ ውሃ ቀድታ ሰጠቻቸው። እሳቸው ደግሞ አልጠጣም አሉ። ልጁን የዳረ አባት ከልጁ ቤት ውሃ አይቀምስም፤ ሴት ልጅ ተሰጥታለች፣ ከተሰጠ ነገር መልሶ አይወሰድም። አባቴም በእኔ ቤት ቀምሶ አያውቅም፤ እኔ ግን አልተቀየምኩትም። ማልቲ ግን በዚያ ሰዓት ልጇን ያጣች እናት ናት። "ዛሬ እንኳ አባቴ ሁን፣ ይህቺን ብርጭቆ ጠጣልኝ" ብላ ለመነቻቸው። "ወግ ወግ ነው" አሏት። ወጡ። መንገድ ማዶ ካለው የሸንኮራ ጭማቂ ሻጭ ገዝተው ጠጡ፤ ይህንንም ደግ ጎረቤት አላት፣ ሮጣ ነገረቻት። ከማያውቁት ሰው እጅ ጠጥተው ከእሷ እጅ እንቢ ማለታቸው ነው ልጄን በቁሟ የገደላት። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠችም። ለአንተ እንኳ በየዓመቱ እጅህ ላይ ልታስርልህ የሚገባትን የወንድምነት ክር በፖስታ ነው የምትልክልህ።

የሰማኸውን ከማልቲ ነው የሰማኸው፤ የጻፍከውም እሱን ነው። አልፈርድብህም። ግን አንዲት ቃል አስቀድመህ ብትጽፍልኝ ምን ነበረበት? ዘንድሮ የተዳሩ ልጆች ወደ እናት አባታቸው ቤት ለሚመጡበት ለሳዋን በዓል ትጠራ እያልኩ ቀስ በቀስ ሳለሳልሳቸው ከርሜ ነበር። ባለፈው ወር እንዲያውም "ማልቲ ያን የወተት ጣፋጭ አሁንም ትወዳለች?" ብለው ጠየቁኝ። ስሟን ሲጠሩ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! አሁን አንተ በሕዝብ ፊት ብታዋርዳቸው፣ እሷንም እስከ ወዲያኛው ይዘጉባታል፣ አንተንም ይክዱሃል ብዬ ፈራሁ። አንዷን ልጄን አጥቼ ሁለተኛውን ላጣ ነው ብዬ እህል አልወርድልኝ አለ።

እሁድን ለማስቀረት ያላደረግኩት የለም። ራሴን አመመኝ አልኩ። "ያንቺ ራስ ከልጄ ፊልም ይበልጣል?" አሉኝ። ጫማቸውን ደበቅኩ፤ ሌላ አደረጉ። እስኪ መብራት ይጥፋ ብዬ ተሳልኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ! በየቀኑ የሚጠፋው መብራት የዚያን ቀን ዓይኑን ሳያርገበግብ ዋለ። አባትህ አዲስ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ የጽጌረዳ ሽቶ ነክተው፣ ሙሽራ መስለው ወጡ።

ስምህ ሲመጣ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ቼዲ አፏጨ። ታች ያለው ሕዝብም ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮ አጨበጨበ። ከዚያ ሽማግሌው ብቅ አሉ።

ልጄ፣ እንዴት እንዲህ አድርገህ ቀዳሃቸው? እኔ ሚስታቸው እንኳ ዘወር ብዬ እጎኔ መኖራቸውን አየሁ።

"እንዴ!" አለ ቼዲ፣ ያ ምላሱን የማይችል። "ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ እርስዎን አይመስልም?"

"ዝም በል፣ እንስማበት" አሉት።

ውሃው ጋ ሲደርስ ፊልሙን አላየሁትም፤ የማየው እሳቸውን ነበር። ያቺ ልጅ ብርጭቆዋን ይዛ ስትለምን ሴቱ ሁሉ ይንሰቀሰቃል። ኡርሚላ ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። አባትህ ወደ ፊት ዘንበል ብለው፣ አፋቸውን ትንሽ ከፈት አድርገው ያያሉ፤ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ሽማግሌው ሳይዞሩ መንገዱን ይዘው ሲሄዱ ከታች አንዱ ጎረምሳ "ድንጋይ!" ብሎ ጮኸ። ሌላውም ተቀበለው። አባትህ ንቅንቅ አላሉም። በእረፍቱ ሰዓት ለሁሉም ኦቾሎኒ ገዙና እየዞሩ አደሉ።

መጨረሻውንስ ምን ልበልህ? በየዓመቱ ለዕድሜያቸው ብዬ ጨረቃዋ እስክትወጣ ውሃ ሳልቀምስ የምጾም እኔ እያለሁ፣ አንተ አባትህን አልጋ ላይ አስተኝተህ ገደልካቸው! ልጅቷ ለሟች የሚሰጠውን የጋንጅስን ውሃ በማንኪያ አፋቸው ውስጥ ስታንጠባጥብ፣ ከእጇ የቀመሱት የመጀመሪያም የመጨረሻም እሱ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ በልብሴ ጫፍ ቁንጣሪ ጨው ይዤ ነበር፤ ለክፉ ዓይን ብዬ በራሳቸው ላይ አዞርኩት። "ምን ታደርጊያለሽ?" አሉኝ። "ትንኝ ነው" አልኳቸው።

ቤት ስንገባ ሰዉ ተከትሎን መጣ። አባትህ ከሁሉ በላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያን ሽማግሌ ይራገሙት ጀመር። "ምን ዓይነት ሰው ነው! ልጇ የሞተባትን ልጅ! ባለመጠጣቱ ምን አተረፈ፣ ቢጠጣስ ምን ሊሆን!" ይላሉ። ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። እኔ ሻይ ላፍላ ብዬ ወጥ ቤት ገብቼ እዚያው ቀረሁ። አጎትህ ግን አልቻሉም።

"ወንድሜ፣ አልገባህም እንዴ? ልጅህ ገበናህን አደባባይ አሰጣው እኮ!"

"የማንን ገበና?" አሉ አባትህ። "ፊልም ነው። ጣፋጩን ብላ።"

እንግዲህ ከእሁድ ጀምሮ ጭንቀቴ ይኸው ነው። አውቀው ነው ወይስ ሳያውቁ? ሳያውቁ ከሆነ፣ ያ ቼዲ አንድ ቀን ምላጩን ጉሮሯቸው ላይ ይዞ ይነግራቸዋል። አውቀው ከሆነ ደግሞ ይህን ሁሉ ውስጣቸው ይዘው ደም ግፊታቸው ምን ይሆናል? እየበሉ አይደለም። ትናንት ያቀረብኩላቸውን ምስር ሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ ነካ ነካ አድርገው ተዉት። ኪኒናቸውን ወስደዋል ስል ትራስ ሥር አገኘዋለሁ። ጠዋት ወደ ሽቶ ማውጫ ሥራቸው አልሄዱም፤ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው መንገዱን ሲያዩ ይውላሉ። "ምን ሆኑ?" ስላቸው "ሙቀቱ ነው" ይሉኛል። ተቆጥተው ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር፤ ጩኸታቸውን ለምጄዋለሁ። ይህን ዝምታ ግን ምን ላድርገው?

ይህን እየጻፍኩልህ ሳለ ገቡ።

"ለሱ ነው?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ምን አልሽው?"

"ደህና ነን አልኩት።"

"ውሸታም" አሉና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሻርፓቸውን ከትከሻቸው አነሱ፤ ሳያራግፉት ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "እኔ የምልሽን ጻፊለት፤ ከራስሽ እንዳትጨምሪ" አሉኝ። ልጄ አይደለህም ሊሉህ ነው ብዬ ብዕሩን አስቀምጬ መልሼ አነሳሁት። ያሉትን እንዳሉት ይኸው፦

"ፊልሙ ላይ ሽማግሌው ሳይዞር ይሄዳል። እንደሱ አይደለም። ጭማቂ ሻጩ ጋ ስደርስ ዞሬአለሁ። በሩ ተዘግቶ ነበር።"

ሌላ ነገር ካለ ብዬ ብዕሩን ይዤ ጠበቅኩ። "በቃ" አሉኝና ወጡ።

ናሊን፣ ይህን ለማልቲ እኔ ልጽፍላት አልችልም፤ ለአባቴ ታዳያለሽ ትለኛለች። አንተ ንገራት። ዛሬውኑ ንገራት። ምን እንደምትል እኔ እንጃ፤ ትስቅባቸው ይሆናል፣ አልሰማም ትል ይሆናል። ግን ትስማው።

የላይኛው አምላክ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፤ እጅህ አይድከም፤ ከአንተ በፊት እኔን ያድርገኝ። ለሚቀጥለው ፊልምህ ግን የሰው አባት ፈልግ።

እናትህ
ካላዋቲ