አራቱን አንቺ ልቀቂያቸው

እታለም፣

ሾፌሩ በር ላይ ሦስቴ ጥሩምባ ነፋ፤ ቁጭ ብዬ እንኳ መጻፍ አልቻልኩም።

በመስታወት ገንዳው ውስጥ ላሉት ባለጢም ዓሣዎች በቀን አንዴ ምግብ ስጫቸው። የሚለቅሙት ከአሸዋው ላይ ስለሆነ እስኪሰምጥ ይጠብቃሉ። አንዳንዴ ሽቅብ ተወርውረው አየር ጎርሰው ይመለሳሉ፤ አትደንግጪ፣ ልማዳቸው ነው።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣለት በባልዲ ሳታሳድሪ እንዳትጨምሪባቸው።
ባለፈው አራቱን የጨረሳቸው እሱ ነው እንጂ አንቺ ምግብ አብዝተሽባቸው አይደለም። ቸኩዬ ከቧንቧው በቀጥታ የሞላሁት እኔ ነኝ።
እማዬ ፊት ባንቺ ያላከክሁት እያወቅኩ ነው።

የተረፉት ሁለቱ ከድንጋዩ ሥር አይወጡም፤ ብዙ ካልሆኑ አይደፍሩም። አራት ገዝቻለሁ። ከነላስቲካቸው ውሃው ላይ ተንሳፍፈዋል፤ ሙቀቱን እስኪለምዱ ትንሽ ቆይተሽ አንቺ ልቀቂያቸው።

እኔ ዛሬም ቸኩያለሁ።