ቅላቱ የጠፋ ዓይን

ሰኞ፣ ጠዋት
ጥንቸሎቹን አየሁ። ደብረ ታቦር ገና ጭጋግ ለብሳለች፤ ቤ/ሙከራው ይበርዳል። ለመመረቂያ ጥናቴ ዓይን የሚያቆስለውን ቫይረስ ካደረግንባቸው ወዲህ ሁሉም እንባ ያፈስሳሉ። ግማሾቹ የቫይረስ መድኃኒት ያገኛሉ፤ ግማሾቹ እብጠት የሚያስታግሰውን ስቴሮይድ ጠብታ ብቻ፤ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየገዛ የሚያደርገውን። ጠብታው ቫይረሱን እንደሚያባብስ ለማሳየት ነው። የሚገርምሽ፣ ማስታወሻዬ፣ የስቴሮይዶቹ ቅላት ጠፍቷል። ከሌሎቹ ያምራሉ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት
ማማሩ ውሸት ነበር። የግራጫዋ ጥንቸል ዓይን ቆስሎ ነጭ ሆኗል። መብራት ሳበራ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አማካሪዬን ዶ/ሩን፣ እባክህ ማስታገሻ እንስጣት አልኩት። ውጤቱን ያዛባል፣ ጊዜው ይሙላ አለ። መብራቱን አጠፋሁላት።

ዓርብ
አክስቴ እታገኝ ከሐሙሲት መጡ። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ዓይናቸውን ካመማቸው ሰንብቷል። ገበያ ላይ የገዙትን ጠብታ በደስታ አሳዩኝ፤ ቅላቱን ጥርግ አድርጎልኛል አሉ። ብልቃጡን አነበብኩ። ስቴሮይድ! ይተዉት ብላቸው ተቆጡ፤ ያሻለኝን መድኃኒት ልታስጥይኝ ነው ወይ አሉ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት
ሌላ መላ አጣሁ። ቤ/ሙከራ ወስጄ በመስታወቱ በኩል ግራጫዋን አሳየኋቸው። ጠብታው ያው ነው፣ እሷም መጀመሪያ ቅላቱ ጠፍቶላት ነበር አልኳቸው። አተኩረው አዩዋት። ብልቃጡን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። ከዚያ፦
«እኔስ በእጄ ገዝቼ ነው። እሷ ምን አጥፍታ ነው፣ ልጄ?»
ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ ቫይረስ ነው አለች፤ ቁስሉ ግን ገና አልጠለቀም። የቫይረስ ቅባት ታዘዘላቸው። ጠባሳ ይቀራል፣ ዓይናቸው ይተርፋል። በሩ ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አክስቴ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ፤ የታመምኩት እኔ፣ የምታለቅሺው አንቺ ብለው ሳቁብኝ።

እሑድ
ለአክስቴ ቅባቱን አድርጌላቸው ወደ ቤ/ሙከራ ሄድኩ። ግራጫዋ መብላት አቁማለች። ስነካት ትንቀጠቀጣለች። ለዶ/ሩ ደወልኩ። የሚታየው ታይቷል፣ ከእንግዲህ የምንጠብቀው ሥቃይዋን ብቻ ነው አልኩት። ጥናቱ ጎዶሎ ይሆናል፣ መመረቂያሽም ሊዘገይ ይችላል አለ። ይዘግይ አልኩት። የሌሎቹን ስቴሮይድ አቁሜያለሁ፤ ማስታገሻም ሰጥቻቸዋለሁ። የእንስሳት ሐኪሙን ጠርቻለሁ፤ ግራጫዋን በመርፌ ለዘላለም ያሳርፋታል። በሩ ተንኳኳ። መጣ መሰለኝ። እኔው ነኝ እሷን የምይዝለት።