እንቁላሉ እስኪደርስ

ለተከበሩ ዶክተር ሙንሲፍ መርዙቅ፣ የአውራጃችን የሳንባ ምርመራ ላቦራቶሪ ኃላፊ

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ባልደረቦችዎንም፣ በሙቀት ሣጥን ውስጥ የምታሳድጓቸውን ፍጥረታትም ጭምር በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። እኛ በአይን ዘይቱን መንደር ያለነው ከአንድ ሰው በስተቀር ደህና ነን።

ያቺ አንድ ሰው እህቴ ሸድሊያ ናት። በበሽተኛነቷ ባያስታውሷት እንኳ በእንቁላሏ ያውቋታል። የቲቢ ባክቴሪያ የምታበቅሉበት እንቁላል መድኃኒት ካልቀመሰች ዶሮ መምጣት ስላለበት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየሰኞው አንድ ቅርጫት ታደርስላችሁ ነበር። ሳሉ ሲበረታባት አክታዋን ማርች 3 ቀን ተቀበላችሁ፤ በአጉሊ መነጽር ምንም አልታየም። የክሊኒኩ ሐኪም ደግሞ ጉበቷ ደካማ ነውና መድኃኒቱ እንዳይጎዳት፣ ባክቴሪያው መብቀሉን የሚገልጽ ወረቀት ሳላይ አልጀምርላትም አለ። እርስዎም የትኛው ዘዴ እንደሚበልጥ እያወዳደሩ ስለነበር አክታዋን ለሁለት ከፍለው ግማሹን በእንቁላሉ ላይ፣ ግማሹን እንደ እንቁላሉ ባክቴሪያ በሚያበቅለው አዲሱ ፈሳሽ ውስጥ ዘሩት። እህቴ ይህን ስትሰማ፣ «የገዛ ዶሮዬ እንቁላል ሊመሰክርብኝ? እንኳን ዶሮ፣ ባሌም አልደፈረ» ብላ እስኪያስላት ሳቀች።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ያስተማሩኝ ሰዎች ያለ ቁጥር የቀረበ ነገር አያነቡም ነበር።

1ኛ. ስለ ፍትሐዊነትዎ። ፈሳሹ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ባክቴሪያው መኖሩን አሳየ። ነገር ግን የአንዱ ውጤት የሌላውን መርማሪ ዐይን እንዳያስት፣ ሁለቱም ሳያበቁ ወረቀት እንዳይወጣ ደንብ አውጥተው ነበር። ስለዚህ ፈጣኑ ዘገምተኛውን በትሕትና ጠበቀው።

2ኛ. ስለ ውጤት መስጫ መስኮቷ ሠራተኛ። እህቴ መነሣት ስላቃታት ቅርጫቱን የማመጣው እኔ ነበርኩ። «እማማ መኑቢያ፣ አንደኛው ደርሷል፤ የቀረው እንቁላሉ ነው» ትለኛለች። «የደረሰውስ ምን አለ?» ስላት፣ «እሱን ከነገርኩዎት በማግስቱ እኔም ከእርስዎ ጋር እንቁላል እለቅማለሁ» አለችኝ። ተራሽን ጠብቂ ተብዬ ያደግሁ ነኝና ቅርጫቴን ባዶ አድርጌ ተመለስኩ። አራት ሰኞ እንዲህ አደረግሁ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ በእርስዎ ላይ አልደርበውም።

3ኛ. ስለ ወረቀቱ። ሸድሊያ በሠላሳ ስድስተኛው ቀን አረፈች። እንቁላሉ በአርባ አንደኛው ቀን አበቀለ። ወረቀታችሁ በሰባተኛ ቀኗ፣ ጎረቤት ለሐዘን በተሰበሰበበት ደረሰኝ፤ «ሁለቱም ዘዴዎች ተስማምተዋል» ይላል። የተስማሙበትን ለማን እንደማነበው ስላላወቅሁ አጥፌ ከትራሷ ሥር አኖርኩት።

4ኛ. በቱኒስ ጉባኤ ላይ ስላነበቡት ጥናት። ፈሳሹ እንቁላሉን በስንት ቀን እንደሚቀድም በሠንጠረዥ አሳይተው ተጨብጭቦልዎታል። ከእነዚያ ቀኖች ሃያ ስምንቱ የእህቴ ናቸው። ከገጹ ግርጌ በሚመሰገኑት መካከል ስሟን ፈለግሁ፤ መነጽሬን ቀይሬም ፈለግሁ።

እንቁላሉ ይቅር አልልም፤ አንዳንድ ጊዜ ፈሳሹ የሳተውን እንቁላሉ እንደሚይዝ እህቴ ከእናንተው ሰምታ በኩራት ነግራኛለች። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። እኛ ትምህርት ቤት ፈተናውን ቀድሞ የጨረሰ ወረቀቱን አስረክቦ ይወጣ ነበር፤ መምህራኑ ማን ከማን እንደሚበልጥ የሚያወዳድሩት ከዚያ በኋላ ነው። እርስዎም ቀድሞ የደረሰውን ውጤት በዕለቱ ለበሽተኛው ሐኪም ይላኩ፤ ውድድሩን በኋላ በመሳቢያዎ ውስጥ ይጨርሱት። ዛሬም በመስኮቷ ፊት ሰዎች ቆመዋል።

ከደንብዎ አንዲት ቀን ሳታጎድል የጠበቀች፣ ለትዕግሥቷም እስከ ዕለተ ሞቷ የምታፍር፣

መኑቢያ ዙዋሪ

ተጨማሪ፦ ዶሮዎቹ ዛሬም ይጥላሉ፤ እንቁላሉም አይቋረጥባችሁም። ከእንግዲህ ግን ሰኞን አልጠብቅም፤ እያንዳንዱን በተጣለበት ቀን እልካለሁ። የቀደመውን ለዘገየው ብዬ ባቆየው ይበላሽብኛል ብዬ ፈራሁ።