አይስቴ የሳተ ዕለት

ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው፤ ደረጃውን ስትወጣ አሁንም መሃል ላይ ቆመህ ታርፋለህ? ብርዱ ሲገባ ሳልህ እንዳይነሳብህ እሰጋለሁ። እኔ አለሁ። ናፍቆትህ ሆዴን ከመብላቱ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ሳልሰናበትህ መውጣቴን ጎረቤቱ ሁሉ እንዳኘከው መገመት አያቅተኝም። ከወንድ ጋር ኮበለለች ብለውህ ይሆናል። ምነው ወንድ በሆነና በተገላገልኩ!

ነገሩ የጀመረኝ ዓምና ነው። መጀመሪያ ማሽተት በዛብኝ። አንተ ከሥራ ስትመለስ፣ ገና የታችኛውን በር ስትከፍት የባሩድህና የሳሙናህ ሽታ አልጋዬ ድረስ ይመጣ ነበር። ቀጥሎ ጨረቃ ስትሞላ አጥንቴ እሳት ላይ እንዳለ እርጥብ እንጨት ይንጣጣ ጀመር። ከዚያ በኋላ ምን እንደምሆን ለማንም አልተነፈስኩም። ላንተማ እንዴት ብዬ? ማዘጋጃ ቤቱ ሰው የነከሰ ውሻና ከጫካ የወረደ አውሬ እንድትገድልለት የቀጠረህ ሰው ነህ። አይስቴ የሚል ስም ያወጡልህ በከንቱ አይደለም። በልጅነቴ ስኮራበት የኖርኩት ስም፣ ኋላ ሲጠራ ከቤት ያስወጣኝ ጀመር።

ያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ከቄራው ጀርባ ያገኘሃት ተኩላ እኔ ነበርኩ። ረሃብ ነው የወሰደኝ። ሰው አልነካሁም፤ የተጣለ አጥንት እየጋጥኩ ነበር። ዘበኛው አይቶኝ ጠርቶህ ኖሮ፣ ቀና ስል ግንቡ ጥግ ቆመሃል። መሸሽ ነበረብኝ። ግን ሽታህ ሲመጣብኝ ጅራቴ በራሱ ጊዜ ተወዛወዘ፤ እንደ ሕፃን ወዳንተ ተራመድኩ። ጠመንጃህን ስታነሳ በመካከላችን የነበረው ከበራችን እስከ አልጋህ ቢሆን ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን። እጅህ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ጥይቱ ግንቡን መታው።

ዘበኛው አይስቴም ይስታል እንዴ ብሎ ሲስቅብህ፣ አንተም እርጅና ነው፣ ዓይኔ ደክሟል ስትለው ቱቦ ውስጥ ተደብቄ ሰማሁ። ከዚያ በዚያ ብርድ ሞቀኝ ብለህ ካፖርትህን አወለቅክና አጥሩ ላይ ጥለኸው ሄድክ። ፀሐይ ወጥታ ወደ ሰውነቴ ስመለስ እሱን ለብሼ መጣሁ።

ቤት ስገባ ጀርባህን ሰጥተህ ተቀምጠሃል። የት አደርሽ አላልከኝም። ካፖርቱን ሚስማሩ ላይ ስሰቅል፣ ነገ ሌላ ተኳሽ እንደሚያመጡ ነገርከኝ። ቆይተህ ደግሞ ዓይኔ ቁርጥ የእናቴን እንደሆነ ተናገርክ። አባዬ፣ ስለ እናቴ ዓይን ስታወራ ሰምቼህ አላውቅም ነበር። ትከሻህ ይርገፈገፍ ጀመር። ልዳብስህ እጄን ዘረጋሁና መልሼ ሰበሰብኩት። የዚያኑ ቀን ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

እዚህ ልብስ ማጠቢያ ቤት ተቀጥሬያለሁ። እንዳንተው ተኳሽ ሆንኩልህ፤ የኔ ግን ሸሚዝ ነው። አሠሪዬ አፏ ሬት ቢሆንም ሆዷ ደግ ነው። የተቀላቀለ ልብስ አሽትቼ የማን እንደሆነ ስለምለይላት፣ አፍንጫሽ የውሻ ነው አለችኝ አንድ ቀን። እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ሳቁ ወደ ለቅሶ ሲዞር ግን ግራ ገባትና ውሃ አመጣችልኝ።

ጨረቃ ስትሞላ አሞኛል እላትና ከከተማው ውጪ ወዳለው፣ ሥራ ወዳቆመው የድንጋይ ካባ እሄዳለሁ። ባለፈው ዝናብ ያቆረው ውሃ ላይ ራሴን አየሁ። አስጠላለሁ ብዬ ስፈራ ነበር። አላስጠላሁም። ከሲታ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ጠጉር አላት፤ አስተያየቷ ያሳዝናል። አውሬ ናት፣ ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ሲነጋ ማልቀስ ትቻለሁ።

እዚያ ብቻዬን ስሆን እናቴን አስባታለሁ። ትኩሳት ነው የገደላት ትለኝ ነበር። መቃብሯን ስጠይቅህ ወሬ ትቀይራለህ። የደን ጥበቃ ሥራህን ጥለህ፣ እኔን አዝለህ ወደ ከተማ የገባኸው በዚያው ሰሞን መሆኑን አክስቴ አጫውታኛለች። ምንም አልጠይቅህም፤ ሆድ ይፍጀው። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ፤ ያን ጊዜም ጫካ ውስጥ ጠመንጃህን ስታነሳ ዓይኗን በቅርብ አይተኸው ቢሆን ኖሮ፣ እጅህ መንቀጥቀጡ አይቀርም ነበር። እኔ ይህን አልጠራጠርም። አንተም አትጠራጠር።

እንቅልፍህን ይመልስልህ። ጉልበትህን ያጽናልህ፤ ክፉ አይንካህ። ብቻህን ተቀምጠህ አትብላ።

የሁለታችሁ ልጅ