«መቱት» ያልሽው ቃል

መካነ ሰላም
ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም

ለእናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ክረምቱ ሳይገባ ጣራው ተከደነልሽ ወይስ ዘንድሮም በዚያው በሚያፈሰው ነሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነኝ። «ከናፍቆትሽ በቀር» ብዬ እንደ ደንቡ እጽፍልሽ ነበር፤ ግን ከቤት ከወጣሁ ወዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳልናፍቅሽ መኖሬን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ። ዛሬ መዋሸት አልፈልግም።

ስልኩ ከተቋረጠ ሦስተኛ ወሩ ነው፤ መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ ሦስት ቀን ይዘጋል። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ጠልሐ የሚባል፣ ወግዲ የሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ምሳ አብዪው። ፊደሉን ያተለቅሁት ለዓይንሽ ብዬ ነው። እባክሽ ለጎረቤት አታስነብቢ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርሽው ፊደል ይበቃሻል፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው። «አንቺ» እያልሁ መጻፌም ድፍረት አይደለም፤ አንቱ ስትባዪ ፊትሽ እንደሚጠቁር ስላልረሳሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ አድማሴ ጡረታ ወጡ። ዐቃቤ ሕጉ፣ አባቴን የከሰሱት። ስማቸውን ስታዪ ወረቀቱን እንዳትጥዪው፣ አደራ።

ከእሳቸው ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት እንደምሠራ ነግሬሽ አላውቅም። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እኔ መዝገብ ቤት ነኝ፣ የእሳቸው ቢሮ ከኔው ጎን ነው። የማን ልጅ እንደሆንሁ አያውቁም ነበር። አክስቴ ሩቂያ ትምህርት ቤት ስታስገባኝ በባሏ ስም ስላስመዘገበችኝ፣ የጀብሪል ልጅ መሆኔን የሚናገር አንድ ወረቀት የለኝም። ደሞዝ የምፈርመውም በሰው አባት ስም ነው።

ብትቆጪም ልንገርሽ፣ ክፉ ሰው አይደሉም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የሰው እጅ መንሻ ተቀበሉ የሚል አልሰማሁም። ምስክር ታመመ ሲባሉ ቆላ ድረስ በእግራቸው ወርደው ተመልሰዋል። እኔንም መዝገብ አሰፋፍ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ታይፎይድ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ ከቤታቸው አጥሚት አስልከውልኛል። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የማይሉበት ስብሰባ የለም፤ እኛ ወጣቶቹ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀድመን እንላትና እንሳሳቃለን። ወደድኋቸው፣ እናቴ። አባቴን ያሰረ ሥራቸው ነው፣ ያሳሰረች ግን እናቴ ናት እያልሁ ነው የወደድኋቸው።

እንግዲህ ሽኝት ይደረግ ተባለ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኛ አገር ኮሚቴ ሳይቋቋም ምን ይደረጋል? ሰብሳቢዋ የትምወርቅ የምትባል የሥራ ባልደረባዬ ናት። ካባ ይገዛ፣ ጋቢ ይገዛ፣ ከደሴ ባነር ይታተም አለች። መንገዱ ሲዘጋ ባነሩ ቀረና አቡጀዴ ላይ በቀለም ተጻፈ፤ «ክብር ለሕግ አርበኛችን» ይላል፣ የመጨረሻው ፊደል ቦታ አጥቶ ወደ ታች ወርዷል። እኔን ደግሞ እጅሽ ያምራል ብለው የአገልግሎት ታሪካቸውን ጽፌ እንዳነብ መረጡኝ።

ደብተሬን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ። ከሁሉ የማይረሱት መዝገብ የቱ ነው አልኋቸው። ትንሽ እንኳ አላሰቡም። የመጀመሪያው የግድያ ክሴ ነው አሉኝ፤ የ1990ው፣ የገዛ ሚስቱ የመሰከረችበት፣ እሱም ችሎት ፊት ልክ ናት ያለላት። እውነት በራሷ እግር መጣች አሉኝ። አዲስ ዐቃቤ ሕግ በተቀጠረ ቁጥር ይህንኑ ነው የሚያስተምሩት። የመዝገቡን ቁጥር በቃላቸው ነገሩኝና፣ አውጥተሽ እዪው፣ ለጽሑፍሽ ያምርልሻል አሉኝ።

እዚያ ስቀጠር ያን መዝገብ ላልነካ ለራሴ ምዬ ነበር። በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ግን አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት በፊቱ ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። ምን ይጠቅመኛል? ታሪኩን ዘመድ ሁሉ ጠዋት ማታ ግቶኛል። ጎረቤታችን አሕመድኑር ከላይ ሰፈሮቹ ሁለት ወንድማማቾች ጋር በወሰን ተጣላ፣ አባትሽ ሊገላግል ወጣ፣ አሕመድኑር ተመትቶ ሞተ፣ ወንድማማቾቹ ዓባይን ተሻግረው ጠፉ፣ የወገናቸውን በቀል ፈርቶ አገሩ ሁሉ አላየሁም አለ፣ እናትሽ ብቻ አፏን ከፍታ ባሏን አሳሰረች። አሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት፣ በስድስተኛው ሬሳው መጣ። እኔ የማውቀው ይህን ነበር።

መዝገቡን አወጣሁ። ክሩ ሲነካ ተበጠሰ። ለፖሊስ የሰጠሽው ቃል ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው። እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

«አሕመድኑር ከላይ ሰፈሮቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ሰማን። አባወራዬ ጀብሪል ሊገላግሉ ወጡ። እኔም ተከትዬ ወጣሁ። ደረሱ። በዱላ መቱት። አሕመድኑር ወደቀ። እኔ ጮኽሁ።»

ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ከሥሩ ፊርማሽ አለ። ሌላው ሁሉ አውራ ጣቱን ሲነክር አንቺ ስምሽን ጽፈሻል፣ ፊደሉ ትንሽ ዘመም ይላል።

መጀመሪያ ሳነበው እንደሚሉት ነበር የታየኝ። ወጡ፣ ደረሱ፣ መቱት፤ በቃ፣ አባቴ ነው። ላጥፈው ስል ድምፅሽ ጆሮዬ ላይ መጣ። «ጀብሪል መጡ፣ ውኃ አቅርቢ።» «ጀብሪል አልበሉም፣ ዝም በይ።» ከሰው ጋር ስታሚያቸው እንኳ አንቱታውን አትተዪም ነበር። ያኔ እንደገና አነበብሁት። «ወጡ፣ ደረሱ» ያልሽው አንድ ሰው ነው፣ የምታከብሪያቸው ባልሽ። «መቱት» ያልሽው ሁለት ናቸው፣ እነዚያ ወንድማማቾች። ባንቺ አፍ ሁለት የነበረው ወረቀት ላይ ሲወርድ አንድ ሆነ። ፖሊሱ አልዋሸም፣ ያልሽውን ነው የጻፈው። ሲነበብልሽም ቃሌ ነው አልሽ፤ ቃልሽ ነዋ! ማን ነው የመታው ብሎ የጠየቀሽ ሰው ግን መዝገቡ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ፖሊሱ አልጠየቀሽም፣ አቶ አድማሴ አልጠየቁሽም፣ ዳኛውም።

የባሰው ደግሞ የችሎቱ ቃለ ጉባኤ ነው። ዳኛው አባቴን፣ ምስክሯን የምትጠይቀው አለህ ወይ ይላሉ። የአባቴ መልስ እንዲህ ተጽፏል፦ «የለኝም። ሚስቴ ውሸት አታውቅም። ነገሩ እንዳለችው ነው።»

አየሽ? እሳቸው ሰምተውሻል። እዚያ ሁሉ ሰው መሐል አንቺ ያልሽውን እንዳልሽው የሰሙሽ እሳቸው ብቻ ናቸው። አዳነችኝ ብለው አምነው ነበር። አቶ አድማሴም ብድግ ብለው፣ ተከሳሹ የምስክሯን ቃል በራሱ አንደበት አጽንቶታል አሉ።

መዝገብ ቤቱን ከውስጥ ቆልፌ አለቀስሁ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ መዝገቡን ይዤ ቢሯቸው ገባሁ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ገጹን ገልጬ፣ «መቱት» ያለችው ስለ ማን ነው አልኋቸው። ስለ ባሏ ነዋ፣ አባወራዬ ወጡ ትል የለ እንዴ አሉኝ። እኔም ከፍ ብሎ ደግሞ «የላይ ሰፈሮቹ» ትላለች አልኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ደገሙት። በሦስተኛው ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ እንደ ቁርኣን ቤት ልጅ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። «የእኔም እናት አባቴን አንቱ ነበር የምትለው» አሉ። ቀጥለውም «ማን» ብዬ አልጠየቅኋትም አሉ።

መነጽራቸውን አወለቁና፣ አንቺ የማን ልጅ ነሽ አሉኝ። የጀብሪል አልኋቸው። ይህን ስም በዚያ ቤት ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ምን እንደጠበቅሁ እንጃ፣ ይወድቃሉ፣ ያለቅሳሉ ብዬ ይሆናል። እሳቸው ግን መዝገቡን ቀስ ብለው አጥፈው፣ ልጄ፣ ቅዳሜ ትለፍልኝ አሉኝ። ቅዳሜ ሽኝቱ ነበር። ልጆቻቸው ከሩቅ ተጠርተዋል፣ ካባው ተገዝቷል።

እኔም አሳለፍሁላቸው። ይህን ደብቄሽ አልኖርም፣ እናቴ። አዳራሹ ሞልቶ፣ በዚያ ፊደሉ በወረደ አቡጀዴ ሥር ቆሜ፣ «ሠላሳ አንድ ዓመት በቅንነት ያገለገሉ» ብዬ አነበብሁ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። የ1990ውን መዝገብ ከጽሑፉ አወጣሁት፤ ጀግንነቴ ይችው ናት። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔም ወረቀቱን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አጨበጨብሁ።

ካባውን ካለበሷቸው በኋላ ተናገሩ ተባሉ። ረጅም ንግግር አዘጋጅተው ነበር፣ አላወጡትም። «አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። ሥራ የሚለቅ ሰው ባልንጀሮቹን አፉ በሉኝ ማለቱ የአገሩ ወግ ስለሆነ ማንም አልደነቀው። አዳራሹ በአንድ አፍ «አፉ ብለናል!» አለ፣ እንደገናም አጨበጨበ። እሳቸው የሚያዩት ግን እኔን ነበር። እኔ አፌን አልከፈትሁም። አፉ ማለት የኔ አይደለም፣ ያንቺ ነው።

ሰኞ ዕለት ቤቴ መጡ። ካባ የለ፣ ከዘራ የለ፣ አሮጌ ኮት ለብሰዋል። ሽማግሌ ይዤ ወግዲ እወርዳለሁ፣ ድንጋይ ተሸክሜ እናትሽ ደጅ እቆማለሁ፣ አትምጣ ካለችኝ እቀራለሁ፣ ጠይቂልኝ አሉ። ስሕተታቸውንም በእጃቸው ጽፈው፣ ፈርመው ሰጥተውኛል፤ ከመዝገቡ ጋር ሰፍቼዋለሁ። ለሞተ ሰው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። አባቴን ከመቃብር የሚያወጣ ይግባኝ የለም። መምጣታቸውን ያንቺ ልብ ይወስን፤ እሺም ብትዪ እንቢም ብትዪ ካንቺ ጋር ነኝ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

የአባቴ ጀናዛ የመጣ ቀን የአባቴ ዘመዶች ለቅሶው ላይ አትቀመጪም ብለው ከጓሮ ሲያስቀምጡሽ እኔ ውኃ እንኳ አላመጣሁልሽም። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ ልጅ ነበርሁ አልልም፣ ይገባኝ ነበር። በበነጋው «አንቺ ነሽ የገደልሻቸው» ብዬሻለሁ። ሊጡን እያቦካሽ ነበር፣ ቀና ብለሽም አላየሽኝም። አክስቴ ዘንድ ከሄድሁ በኋላም በዒድ ሁለቴ መጥቼ ካንቺ እጅ አልበላም ብዬ ከጎረቤት በልቼ ተመልሻለሁ። ሰው ሁሉ ባለጌ ሆነች ሲልሽም አብሬ አፍሬብሻለሁ፤ ሼሁን አንተ፣ የቀበሌውን ሊቀመንበር አንተ፣ የሰማንያ ዓመቱን ሽማግሌ አንተ ስትዪ መሬት ተሰንጥቆ በዋጠኝ እል ነበር። ከአባቴ መታሰር ወዲህ አንድም ሰው አንቱ ብለሽ እንደማታውቂ ያየሁት ግን ገና አሁን ነው።

አፉ በዪኝ። ለማለት ጊዜ ከፈለግሽ ውሰጂ፣ እኔም ብዙ ወስጃለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ፍርዱ በተነበበበት ቀን፣ «ምስክሯ ችሎቱን በጩኸት በማወኳ እንድትወጣ ተደርጓል» ይላል። ምን ብለሽ እንደጮኽሽ አይልም። እኔ ግን ሰምቼው ነበር። አክስቴ ሩቂያ እጄን ይዛ ውጭ ግቢው ውስጥ ቆመናል፣ ስምንት ዓመቴ ነው። በመስኮቱ ድምፅሽ መጣ። «እሱ አይደለም! እሱ አይደለም!» ትዪ ነበር። ስለ ማን ነው የምትጮኸው ብዬ አክስቴን ጠየቅኋት። በቤታችን አባቴ «እሱ» ተብለው ስለማያውቁ ስለ ሌላ ሰው የምትጮኺ መስሎኝ ነበር።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ያጽናው፣ እኔንም ደጅሽ ለመድረስ ያብቃኝ። መንገዱ የተከፈተ ዕለት እመጣለሁ፤ ካንቺ እጅ እበላለሁ።

የእሳቸውና ያንቺ ልጅ