ለዶሮዎቹ ያበራሁት

ይድረስ ለባለቤቴ እህት፤

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ልጽፍልሽ ስለሆነ ሰላምታዬን አሳጥራለሁ። እንደምን ሰነበትሽ? የእናታችን ጉልበትስ ተሻላት? እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር ደህና ነኝ።

እናታችን ቀኑን ስታንቀላፋ ውላ ሌሊቱን ስትንጎራደድ እንደምታድር ጽፈሽልኛል። ወንድምሽን አስተኛበት የነበረውን ኪኒን ስሙን ላኪልኝ ብለሻል። አልልክልሽም። ምክንያቱን ስሚኝ።

በዶሮ እርባታ እሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ። ዶሮ ብርሃን ካነሳት እንቁላል ትቀንሳለች። የተቃጠለ አምፖል ቶሎ ካልቀየርን ኃላፊያችን፣ «ዶሮዋ ካኮረፈች እንቁላሉን እናንተ ትጥላላችሁ» ይለን ነበር። እኔ አምፖሎቹ ላይ ያረፈውን አቧራ ሳይቀር እጠርግ ነበር፤ እንዳይደበዝዝባቸው።

ቤት ስገባ ግን ወንድምሽን የማገኘው ከወፍራሙ መጋረጃ ጀርባ ነው። መስኮታችን በመንገድ በኩል ነበር። ሕመሙ ፊቱን ካጣመመው ወዲህ አላፊ አግዳሚው እንዳያየው ጋረድኩት። ለጠየቀኝ ሁሉ «ጨለማው ያሳርፈዋል» አልኩ። አንቺም አምነሽ አመሰገንሽኝ። ቀንና ሌሊት ተምታታበት፤ ሌሊት እየተነሳ ይወድቅ ጀመር። ኪኒን ጨመርኩበት።

አንድ ቀን የሥራ ልብሴን ሳወልቅ እያየኝ፣ «ዶሮ ብሆን ኖሮ ታበሪልኝ ነበር» አለኝ። ሳቅኩ። እሱም በግማሽ ፊቱ ሳቀ። መጋረጃውን አልነካሁትም። በዚያው ክረምት አረፈ።

ከዚያ ወዲህ እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ። በቅርቡ ያነበብኩት መጽሐፍ፣ የቤት አምፖል ደማቅ ቢመስለንም ከጠዋት የደጅ ብርሃን ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው ይላል። ሰውነት መንጋቱን የሚያውቀው በዚያ ብርሃን ነው፤ ሲመሽ ደግሞ መደብዘዝ አለበት። ወንድምሽን ያድነው ነበር አልልም፤ ሕመሙ ሌላ ነው። ቀኑ ግን የእሱ ነበር፤ የቀማሁት እኔ ነኝ።

እናታችንን ጠዋት ጠዋት ደጅ አውጫት፤ ብታጉረመርምም አውጫት። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠጊው። ማታ ክፍሏ ውስጥ ያለውን ነጭ አምፖል አጥፊላት። የኪኒኑን ነገር ሐኪሟን ጠይቂ እንጂ እኔን አትጠይቂኝ።

ጤና አይለያችሁ፤ ሌሊታችሁ የእንቅልፍ ይሁን።

የወንድምሽ ሚስት

ወረቀቱን አንብበሽ ቀደሽ እንዳትጥዪው። እናታችን ደጅ ፀሐይ ላይ ስትቀመጥ ቀስ ብለሽ አንብቢላት። የጻፍኩት ላንቺ ቢሆንም የሚደርሰው ለእሷ ነው፤ እሱን ለወለደችው።