ውሃ የማያስለቅቀው ስቲከር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጠዋት ሁለት ባጃጅ። አንዱ «እመ ብርሃን» አስጻፈ፣ ሌላው የኋላ መስታወቱ ላይ የአንበሳ ፊት አስለጠፈ። አንበሳው ድመት መሰለኝ... ባለቤቱ ግን ወደደው። እኔ ምን አገባኝ?

ከሰዓት አንድ ሰውዬ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፎ ሱቄ ገባ። ሲፈታው የሞተር ክዳን ነው። የጀልባ ሞተር! ከባሕር ዳር ድረስ ይዞት መጣ። አለበል ይባላል። ጣና ላይ ጀልባ አለው፤ ተሳላሚ ወደ ገዳማቱ ያመላልሳል። የክዳኑን ስቲከር ፀሐይ በልቶት ግማሹ ተልጧል።

«ሞተሩ ደኅና ነው» አለ። «ሰው ግን ክዳኑን ያይና ሌላ ጀልባ ይሳፈራል።»

«ባሕር ዳር ስቲከር ቤት ጠፍቶ ነው?»

«አገሬንም ልይ ብዬ። እዚህ አጠገብ ይጁቤ ነው የተወለድኩት።»

እማዬ ቀና አለች። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የተቆረጠውን ስቲከር ትርፍ በመርፌ እየለቀመችልኝ ነበር። እሷም የይጁቤ ልጅ ናት።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የአንሙት።»

«የአንሙት አለበል! ታየችን ረሳሃት?»

መነጽሩን አውልቆ አያት። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። አባዬ ካረፈ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

አሮጌውን አነሳሁ። መጀመሪያ ግልጽ ላስቲክ አልብሼ ፊደሉንም ቀዩን መስመርም በላዩ በእስክሪብቶ ገለበጥኩ፤ አለዚያ አዲሱ የት እንደሚያርፍ በምን አውቃለሁ? በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅኩ በጥፍሬ ላጥኩ። ሙጫው ግን... ክንዴ ዛለ።

ሰውዬው ይጁቤ ዘመድ ጋ አርፏል። ጠዋት መጣ፤ «ሥራውን ልይ ብዬ» አለ። ሥራውን ብዙም አላየም። እማዬ ጎን ተቀምጦ ዋለ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ለጠፍኩት። እንደ ባጃጁ፣ በደረቁ፣ ባንዴ። አዲስ መሰለ! ጋሽ አለበል በጋቢው ጠቅልሎ ሄደ። እማዬ ሚኒባሱ ከተሰወረ በኋላም ቆማ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ጋሽ አለበል ደወለ። ጠርዙ ተነስቷል። ከሥሩ አየር ነበረበት፣ ውሃ ገባበት፣ ቤንዚን ሲቀዳም ፈሶበታል...

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። በዚህች ከተማ «የማርያማዊት ስቲከር አይለቅም» ነበር የሚባለው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሽ አለበል» አልኩት።

«ምን ይቅርታ አለው፣ ልጄ። ይዤው እመጣለሁ።»

ቅር ያለው አይመስልም። እንዲያውም ደስ ያለው ይመስላል። ለእማዬ ብነግራት «ይምጣ!» አለች። ይኸው ነው። ይምጣ።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬ በደንብ ሠራሁት። ሰሞኑን ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚለጥፍ በስልኬ ሳይ ከርሜያለሁ። ለውሃ የሚሆን ወፍራም ስቲከርም ከአዲስ አበባ አስመጣሁ።

የተነሳውን ልጬ ክዳኑን በሳሙና አጠብኩ፣ በአልኮል ወለወልኩ። ከዚያ ውሃ ላይ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጌ ክዳኑንም የስቲከሩን ሙጫም ረጨሁ።

«ሙጫውን ታረጥቢዋለሽ?» ጋሽ አለበል ደነገጠ።

«ሲረጥብ ወዲያው አይዝም። ቦታው እስኪገኝ ወዲህ ወዲያ ይሉታል።»

እውነትም ተንሸራቶ ቦታውን አገኘ። ጨርቅ በጠቀለልኩበት ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ከመሃል ወደ ዳር ውሃውን ገፋሁ። አየር የቀረባትን አንዲት ቦታ በመርፌ ወጋ አድርጌ በአውራ ጣቴ ተጫንኳት። ላዩ ላይ ጠርዙን አልፎ የሚከድን ግልጽ ስቲከር ደረብኩ። አሁን ውሃ በየት ይግባ?

«ሙጫው እስኪይዝ ሁለት ሦስት ቀን ውሃ እንዳይነካው። ቤንዚን ሲፈስበት ወዲያው መጥረግ ነው። ሲቆምም ሸራ ያልብሱት፤ ፀሐይ ነው የሚገድለው።»

«እንግዲያስ እስኪይዝ እዚሁ እቆያለሁ» አለ። ይህን ሲል የሚያየው እማዬን ነው። እኔ የሳሙናውን ጠርሙስ አየሁ...

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27

እማዬ ጓሮ ሆና ስልክ ስታወራ ቆየች። እሱ ነው።

«ስቲከሩ እንዴት ሆነ አለሽ?»

«ስለ ስቲከር አላነሳንም።»

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ምሳ ላይ፣ «ሽማግሌ ልላክ አለኝ» አለች።

«ማን ጋ?»

«አንቺ ጋ ነዋ። ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

እናቴን ለማግባት እኔን ሊለምኑ! ልስቅ ነበር። ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። «አባዬስ?»

እጇን ታጠበች። ቀስ ብላ አደረቀች። «አባትሽ ሞቷል፣ ማርያማዊት። እኔ ግን አለሁ።»

ሱቁን ሳልከፍት ዋልኩ። በማን ነው የተናደድኩት? ባሕር ዳር ልትሄድ ነው። ማታ ስገባ ማን «መጣሽ?» ሊለኝ ነው?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ጸጉሯን እየሠራሁላት ጠየቅኳት። «ደስ ይልሻል ግን?»

«ጠዋት ስነሳ የሚጠብቀኝ ነገር ያለ ይመስለኛል» አለች። «ይህ ደስታ ከሆነ... አዎ።»

ከኋላዋ ስለሆንኩ ፊቴን አላየችም። ጎንጉኜ ስጨርስ «ይምጡ በያቸው» አልኳት።

እሑድ፣ ጥር 17

ትናንት ትንሽ የሠርግ ድግስ፣ ዛሬ ሐይቁ። ጣናን በአካል ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ሁሉ ውሃ አንድ ላይ! ጀልባው ላይ ወጥቼ ግን መጀመሪያ ያየሁት ክዳኑን ነው። በጥፍሬ ጠርዝ ጠርዙን ሞከርኩ። ንቅንቅ የለም። ውሃው ሲረጨው ኩልል ብሎ ይወርዳል።

«አንቺ ስታገቢም ባልሽን ትተሽ ሞተር ስትመረምሪ ትውያለሽ» አለ ጋሽ አለበል። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም።

ስንለያይ እማዬ አቅፋኝ ቆየች። ያለቀስኩት ሚኒባስ ውስጥ ነው። ብዙ አይደለም።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ቤቱ ፀጥ ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ከበደኝ፤ አሁን ሬዲዮ ከፍቼ እተኛለሁ። እሑድ ጎረቤቴን ወለተ ሥላሴን ምሳ ጠርቻታለሁ። ማንንም ጠርቼ አላውቅም ነበር... ሰው እንደሚመጣም አላሰብኩም ነበር።

ዛሬ ሌላ ባለ ጀልባ ክዳን ላከ። እያጠብኩት ሳለ እማዬ ደወለች። ነፋሱ ይጮኻል፣ ከኋላ ሞተሩ ይጮኻል፣ እሷም ትጮኻለች።

«ማርያማዊት! ማን እየነዳ ነው በይኝ?»

«ማን?»

«እኔ!»

ከወዲያ ጋሽ አለበል «ስልኩን ዝጊው፣ ታየች፣ ፊት ፊት እዪ!» ይላል። እሷ ትስቃለች።

ምን ልበላት? እናቴ ናት፣ ስድሳ ዓመቷ ነው፣ ዋናም አትችል።

«ቀስ ብለሽ ንጂ» አልኳት።

«አይሰማኝም!» ብላ ዘጋችው።